አመልካች ለአመልካች አይመሰክርም

ኅዳር 9 ቀን 2004 ዓ.ም.
ኮምቦልቻ

በደሴ ለሚገኘው የጉዳተኛ ወታደሮች ማጣሪያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ኃላፊው

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ወገብዎን እንዳይነካው፣ ስብሰባ የሚያበዛ ሰው ወንበር ላይ ስለሚውልም ጀርባዎን አምላክ እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው። እርስዎ ቢታመሙ ተወካይ ይመደባል፤ ተወካዩም ፋይሌን ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ይጀምራል። አራት ኃላፊዎች ሲመጡና ሲሄዱ ያየሁ ሰው በመሆኔ የእርስዎ ጤና ለእኔ ቀልድ አይደለም።

ስሜ ፈንታሁን አግማስ ይባላል። የደሴ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አሁን ኮምቦልቻ በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ቆሜ የሠራተኞችን መታወቂያ አያለሁ። ቀኝ እጄ ከክርኑ በታች የለም። በመልክ አንተዋወቅም፤ ደጅዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎትና። ስለዚህ ፊት ለፊት ልነግርዎ ያልቻልኩትን፣ አገር እያነበበው በግልጽ ደብዳቤ ማቅረቤን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ ወር 1992 ዓ.ም. ነው። ተኩስ ከቆመ አንድ ወር አልፎ ነበር። አምስት ሆነን ለምሽግ ውኃ በሚያደርስ መኪና ላይ ተሳፍረናል። አጠገቤ የተቀመጠው ሀምዱ የሚባል የሐርቡ ልጅ ነበር፤ ለከይሪያ ሽማግሌ የሚልክበትን ቀን እየቆጠረ፣ እኛንም ሰርጉ ላይ ማን የት እንደሚቀመጥ እየደለደለ ያስቀን ነበር። ጉሮሮው ደርቆ ሲያስለው ኮዳዬን ከፍቼ በቀኝ እጄ ዘረጋሁለት። መኪናው ፈንጂ የረገጠው ያኔ ነው። ሦስቱ ጓደኞቻችን እዚያው ቀሩ። ሀምዱ ሁለት ዓይኑን አጣ፤ እኔ ኮዳውንም እጄንም አጣሁ።

የሻምበላችን ጸሐፊ፣ ተኩስ ቆሟል ስለተባለ ይመስለኛል፣ በሪፖርቱ ላይ «በተሽከርካሪ አደጋ ጉዳት ደረሰባቸው» ብሎ ጻፈ። ዕድሜያችንን የበላችው ያቺ አንዲት መስመር ነች። በ1994 ዓ.ም. ሀምዱ ትከሻዬን ይዞ እስከ ሦስተኛ ፎቅዎ ወጥተን ማመልከቻችንን ስናስገባ ይህን አላወቅንም ነበር። እንዲያው በዚህ አጋጣሚ፣ የአካል ጉዳተኞችን የሚያስተናግደውን ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ በማድረግ ማን በእርግጥ እንደተጎዳና ማን እንደሚያስመስል መለየት መቻላችሁን ሳላደንቅ አላልፍም።

ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁ።

1ኛ. የማጣራት ሥራ ኃላፊው አቶ ደምመላሽ ፋይላችንን ገልጠው ካነበቡ በኋላ የትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ቦታ ስሎ የሚሰጠውን ፕላን እንድናመጣ አዘዙን። የተሽከርካሪ አደጋ ያለ ፕላን አይታይም አሉ። ሀምዱ ድምፃቸው ወደሚመጣበት ፊቱን አዙሮ፣ «ጌታው፣ እዚያ መንገድ ላይ ቆሞ የጠበቀን ትራፊክ ፈንጂው ብቻ ነው» አላቸው። አቶ ደምመላሽ ቀልዱን አልወደዱትም። በምሽግ ጀርባ ባለ አቧራ መንገድ ላይ ፕላን የሚያነሳ ፖሊስ እንዳልነበረ በደብዳቤ ለማረጋገጥ ሦስት ዓመት ፈጀ። የሚያረጋግጠው ክፍል ጥያቄያችንን ሳያስተናግድ የመለሰብን፣ የሌለ ነገር አለመኖሩን የሚገልጽ የደብዳቤ ናሙና ስላልነበረው ነው። ናሙናው በእኛ ምክንያት መዘጋጀቱን ስሰማ ለአገሬ ሁለተኛ ጊዜ ያገለገልኩ ያህል ተሰማኝ።

2ኛ. ፊርማዬ ከውትድርና ማኅደሬ ፊርማ ጋር እንደማይመሳሰል ተነገረኝ። እርግጥ ነው አይመሳሰልም፤ ያኛውን የፈረመችው እጅ የለችም። ይህን ባስረዳ፣ መፈረም የማይችል ሰው በጣት አሻራ እንደሚስተናገድ በትህትና ተገለጸልኝና ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ «የቀኝ አውራ ጣት» ይላል። የመዝገብ ክፍሏ ወ/ሪት ጽናት ወረቀቱንም እጅጌዬንም ተራ በተራ አየችና አንገቷን ደፋች። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እኔ አይደለሁም ያተምኩት» አለችኝ። በዘጠኝ ዓመት ከመሥሪያ ቤትዎ የሰማሁት ይቅርታ ይሄው ነውና አደራ፣ ይህን ጽፎብሻል ብለው እንዳይቆጧት። «ቀኝ» የሚለውን ሰርዛ «ግራ» ብላ በመጻፏ ሰነዱ ስርዝ ድልዝ አለበት ተብሎ ተመለሰ፤ አዲስ ቅጽ እስኪታተምም አንድ ክረምት አለፈ።

3ኛ. በ1999 ዓ.ም. ነገሩ ወደ ምስክር ዞረ። ፈንጂ መሆኑን በቦታው የነበረ አንድ ሰው ቀርቦ በቃሉ ካረጋገጠ በቂ ነው ተባለ። ደስ አለን፤ እኔ ለሀምዱ፣ ሀምዱ ለእኔ እንመሰክራለን ብለን ነበር። አቶ ደምመላሽ መመሪያውን ገልጠው በእርሳስ ጫፍ እየተከተሉ አነበቡልን፦ አመልካች ለአመልካች አይመሰክርም። ሌሎቹ ሦስቱ የት እንዳሉ ጠየቁን። አፈር ውስጥ እንዳሉ ነገርናቸው። «እንግዲህ በሕይወት ያለ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉን።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ሀምዱ «እኔ ልተወው» አለኝ። «አንተ ልጆች አሉህ። እኔ የምተው ከሆነ አመልካች አይደለሁም፤ እመሰክርልሃለሁ።»

«አንተስ?» አልኩት።

«ለእኔ አላህ አለ። አብሽር።»

አልተከራከርኩትም። በማግስቱ ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቄ ብቻዬን ደሴ ወጣሁና እሱ ሳይቀድመኝ የራሴን ማመልከቻ ሰረዝኩ። ጀግና ነኝ ለማለት አይደለም፤ እውነቱን ልንገርዎ፣ የሰረዝኩት ለጊዜው መስሎኝ ነው። አቶ ደምመላሽም «የሱ ካለቀ በኋላ ታንቀሳቅሰዋለህ» ብለውኛል። እኔ በር ላይም ቢሆን ቆሜ እበላለሁ፤ ሀምዱ ግን ሚስቱ የሆነችው ከይሪያ እየመራችው ገበያ ወጥቶ እጁን ዘርግቶ መዋል ጀምሮ ነበር። የመሰረዣው ደብዳቤ በዚያው ዕለት፣ ከምሳ ሰዓት በፊት፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመቶበት ተሰጠኝ። መሥሪያ ቤትዎ ሲፈልግ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ በዓይኔ ያየሁበት ቀን ነበርና ላመሰግን እወዳለሁ።

ሀምዱ ይህን ሲሰማ ሁለት ወር አላናገረኝም። ከዚያ ከሐርቡ ድረስ ከከይሪያ ጋር ቤቴ መጣ። ባለቤቴ ወርቅነሽ በር ከፈተችለት። ወንበር ሳይዝ ቆሞ፣ «ወላሂ፣ የኔ ካለቀ በማግስቱ ለአንተ ካልመሰከርኩ ሐራም ይሁንብኝ» አለ። መሰከርኩለት። በ2001 ዓ.ም. ጉዳቱ በግዳጅ ላይ የደረሰ መሆኑ ታምኖ የምስክር ወረቀቱ ተሰጠው። በዚህስ ከልቤ፣ ያለ ምንም ቅኔ፣ አመሰግናለሁ።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው። ከዚህ በኋላ ያለው ለመቁጠር አይመቸኝም።

ሀምዱ ቃሉን ጠብቆ በማግስቱ መጣ። ጽሕፈት ቤትዎ ግን በመካከሉ ቢፒአር የሚሉትን የአሠራር ለውጥ አካሂዶ ነበርና ጠረጴዛዎቹ ቦታ ተለዋውጠው፣ ግድግዳው ላይም «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘነው። ለሀምዱ አነበብኩለት። «በዚህ አገር ንጉሥ ምን እንደደረሰበት ረስተውታል እንዴ?» አለኝ በሹክሹክታ፤ የደረጃው ድካም እስኪረሳን ሳቅን። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የሳቅነው ያን ዕለት ነው።

በአዲሱ አሠራር መሠረት ምስክር የሆነ ሰው የአመልካቹን ፎቶግራፍ አይቶ «ይህ ሰው እሱ ነው» ብሎ መፈረም አለበት። አቶ ደምመላሽ ፎቶዬን በጠረጴዛው ላይ ወደ ሀምዱ ገፋ አደረጉት። ከዚያ ፊቱን አዩና መልሰው ሳቡት።

«ማየት አይችሉም» አሉ።

«ድምፁን አውቀዋለሁ» አለ ሀምዱ።

«ቅጹ ድምፅ አይልም።»

«ታዲያ አደጋውን ማየቴን ነው ወይስ ፎቶውን ማየቴን ነው የሚፈልጉት?»

«ሁለቱንም።»

ሀምዱ እጁን ዘርግቶ ባዶ እጅጌዬን ፈልጎ ያዘ። «እኔ ዓለምን ስሰናበት የመጨረሻ ያየሁት ነገር የዚህ ሰው እጅ ነው» አለ። «ውኃ እያቀበለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንም አላየሁም። ሌላ ያየሁት ነገር ስለሌለ አይምታታብኝም፤ እዚህ ቢሮ ካለው ሰው ሁሉ ይልቅ እኔ በደንብ አይቼዋለሁ።»

ወ/ሪት ጽናት ፋይል የምትፈልግ መስላ ወደ መደርደሪያው ዞረች። አቶ ደምመላሽ ክፉ ሰው አይደሉም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። በመጨረሻ፣ «እኔ ብሆን እቀበለው ነበር፤ ኃላፊው ይወስኑበት» ብለው ወደ እርስዎ መሩት።

ይኸው ወደ እርስዎ ደረስን።

ሁለት ዓመት «እየታየ ነው» እየተባልኩ ጠበቅሁ። በዚህ መካከል የተቆረጠው ክንዴ ጫፍ ማበጥ ጀመረ። ብርድ ሲነካው የሌለችው እጄ ጣቶች ሳይቀሩ ይቃጠላሉ፤ በር ላይ ቆሜ ሠራተኛ ሲያልፍ ፊቴን ወደ ግንቡ አዞራለሁ። ሐኪሙ ውስጡ ስብርባሪ ብረት ቀርቶ እንደቆየና እንደገና መከፈት እንዳለበት ነገረኝ። ነጻ ሕክምናው የሚገኘው ግን በእርስዎ ወረቀት ነው። ወርቅነሽ ከበሽታው ይልቅ ወረቀቱን መጠበቄን ትፈራለች። «እጅህን እዚያው ተውካት፤ ቀሪውን ደግሞ ደሴ ልትጨርሰው ነው» ትለኛለች።

ውሳኔዎ ባለፈው መስከረም ደረሰኝ። አመልካቹ በ1999 ዓ.ም. በገዛ ፈቃዱ ማመልከቻውን የሰረዘ በመሆኑ ጉዳዩ ዳግም አይታይም ይላል። ቅር የተሰኘ ወገን በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት እንደሚችልም ይጨምራል። ደብዳቤው የተፈረመበትን ቀን ሳይ ሐምሌ ነው፤ ወጪ ሆኖ የተመዘገበው ደግሞ መስከረም። እኔ ሳላነበው ጊዜዬ አልፎ ነበር። ያም ሆኖ ደሴ ወጣሁ። ይግባኙ የሚቀርበው ለማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ለእርስዎ ነው አሉኝ። «እሳቸውስ የት ናቸው?» አልኩ። ስብሰባ።

ሀምዱ ይህን በሰማ ሳምንት ለእኔ ሳይነግረኝ ከይሪያን አስመርቶ ቢሮዎ ሄዷል። የምስክር ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «ይህን ለሱ አዙሩለት፤ በአንድ ቀን አንድ ፈንጂ የመታን ሰዎች ነን» ብሏቸዋል። ወረቀቱን ቢመልስ የሚረከብበት ቅጽ የለም ተባለ። ከይሪያ እንደነገረችኝ ሐርቡ ሲደርሱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ «እሱን አሳስቼ እኔ ዳንኩ» ብሎ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ክቡር ሆይ፣ ከዘጠኙ ዓመት ሁሉ ይህችን ብቻ አልችላትም። ስደውልለት «አብሽር» የምለው አሁን እኔ ነኝ።

ምን እንዲያደርጉልኝ እንደምጠይቅ አላውቅም። መመሪያ ይጣሱልኝ ማለት ነውር ነው። በ1999 የፈረምኩትን ልመልሰው አልችልም፤ ዛሬም ያው ምርጫ ቢሰጠኝ ያንኑ እፈርማለሁና መጸጸቴንም ማስረጃ አድርጌ ማቅረብ አልችልም። ክንዴ ይመረቅዛል፣ ፋይሉ ተዘግቷል፣ እኔም ነገ ጠዋት በር ላይ እቆማለሁ። ለእርስዎ የሚቀረኝ ምርቃት ብቻ ነው፦ ጣትዎ እንዳማረባት ትፈርም፣ ዓይንዎ የሚያነበውን አይጣ፣ የሚያውቅዎ ሰውም አይመስክርብዎ፤ የሚመሰክርልዎ አይጥፋ።

በፊርማ ማነጻጸሪያ ያልተረጋገጥኩ፣ በፎቶግራፍ ያልታወቅሁ፣ በገዛ ፈቃዴ የተሰረዝኩ፣ ግን እስከ ዛሬ በአክብሮት የእርስዎ የሆንኩ፣

ፈንታሁን አግማስ
የቀድሞ ወታደር፣ የአሁን በረኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ፖስታ ደረሰኝ። በሞተር ብስክሌት፣ ፋብሪካው በር ድረስ፣ በተጻፈ በሁለተኛው ቀን! በመጪው የመከላከያ በዓል ላይ «በጦር ሜዳ አካላቸውን ያጡ ጀግኖች» ተብሎ በተለየው የፊት ረድፍ ላይ እንድቀመጥ፣ ከተቻለም እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሼ እንድመጣ ተጋብዣለሁ። ወረቀቱን ደጋግሜ አገላበጥኩት፤ ምስክር ይዘህ ና አይልም።