ድቡ ክሩን አልቋጠረም

ጥቅምት 8 ቀን 1975
ስድሳ ስምንት ልጅ። ጠመኔ አልቋል። መዲና እንደ ልማዷ ዝም። ሁለተኛ ክፍል ከገባች አንድ ቃል ከአፏ አልሰማሁም። ውጭ ከጓደኞቿ ጋር ስትለፈልፍ ግን አይቻታለሁ... እኔን ነው የምትፈራው?

ጥቅምት 10
አባቷ መጡ። ገበያው ዳር ልብስ የሚሰፉት ጋሽ ጀላሉዲን። "መምህርት፣ ልጅቱ ፊደል አልገባትም። እስከ ጥር ካላነበበች እኔ ዘንድ ትቀመጥና ቁልፍ ትትከል።"
"ታነባለች" አልሁ። ምን አፌን አስከፈተኝ?

ጥቅምት 15
ሩሲያዊቷ ጎረቤቴ ወደ ሀገሯ ስትመለስ የሰጠችኝን የሥዕል መጽሐፍ ክፍል ይዤ ገባሁ። ጽሑፉን ማን ያነበዋል... ሥዕሉን እያየሁ ከራሴ ፈጠርሁ። በሀገራቸው ብርድ ሲገባ ቅጠሉ ሁሉ ይረግፋል። አንድ ቂል ድብ፣ ዛፉ ራቁቱን ቀረ ብሎ አዝኖ፣ ቅጠሉን እየለቀመ በመርፌና በክር መልሶ ይሰፋል። እሱ ይሰፋል፣ ቅጠሉ ይወርዳል።
ልጆቹ በጥቅምት ቅጠል ሲረግፍ የት ያውቃሉ? የጣና ዳር አሁን አረንጓዴ ነው። "ዛፉን ምስጥ በልቶት ነው?" አሉኝ። ድቡ በአፍጢሙ ሲደፋማ በሳቅ ሞቱ።
ከኋላ አንድ ድምፅ፦ "ክሩን ሳይቋጥር ነዋ የሚሰፋው!"
መዲና።
ሥዕሉን አየሁት። እውነትም የክሩ ጫፍ ቋጠሮ የለውም። ስንት ጊዜ አገላብጬው አላየሁትም! "ነይ አሳዪን" አልኋት። መጣች። ድቡን በጣቷ እየጠቆመች ስፌት አስተማረችው። እንባዬ መጣ፤ አቧራ ነው ብዬ ጠራረግሁ።

ጥቅምት 17
ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ሲያዩን ኖሯል። "ይህ ድብ የትኛው መርሐ ትምህርት ላይ ነው ያለው?"
"ስፌት" ልል ነበር... ዋጥሁት። "ንባብ ነው፣ ጓድ።"

ኅዳር 21
መዲና ስለ ድቡ የተናገረችውን ሁሉ በወረቀት እየጻፍሁ በሩሲያኛው ጽሑፍ ላይ ለጠፍሁ። የራሷን ንግግር ማንበብ ቀለላት። ዛሬ ሁለት ገጽ! መጽሐፉ ግን ከመነካካት ብዛት ተገነጣጥሏል።

ጥር 19
ጋሽ ጀላሉዲን በቀጠሯቸው መጡ። መዲና መጽሐፉን ይዛ ፊታቸው ቆማ፣ ጣቷን እያስከተለች፣ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። "ድቡ ክሩን አልቋጠረም" ስትል መነጽራቸውን አውጥተው ሥዕሉን መረመሩ።
"ይህን ሰነፍ ማን ነው ስፌት ያስተማረው?" ብለው ሳቁ። ከዚያ፣ "ይህን የጻፈው ማነው?"
"እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍሁ።"
መጽሐፉን በብብታቸው ይዘው ወጡ። ልጅቷን ትተው መጽሐፌን ወሰዱት... ምን ማለት ነው?

ጥር 23
መዲና ከሁሉ ቀድማ መጣች። መጽሐፉ ሰም በተቀባ ጥቁር ክር ከጀርባው ተሰፍቷል።
"እትዬ፣ አባዬ 'ቁልፉን እኔ ራሴ እተክላለሁ፣ አንቺ ተማሪ' ብሎኛል።"
የክሩን ጫፍ ፈልጌ አየሁት። ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል።