ብርድ ነው ያልኩሽ ቀን

እማዬ፣ ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ተዝካርሽን እንደ ወጉ አውጥተናል፤ ጠላው ግን ቀጥኖብኝ ነበር፣ አንቺ ብትኖሪ አታስቀርቢውም ነበር። የካ ያለውን ቤትሽን ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ። የምንኖርበት እኔና ስትሄጂ ገና ትኮላተፍ የነበረችው ልጄ ሰናይት ብቻ ነን። ከአባቷ ተፋትተናል።

የሚያንቀጠቅጠኝ ነገር የጀመረው አንቺ ሳለሽ ነው። በመጨረሻው ሳምንትሽ ውኃ ሳቀብልሽ ብርጭቆው እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ አይተሽ ምን ሆንሽ አልሽኝ። ብርድ ነው አልኩሽ። ግንቦት ነበር፤ የምን ብርድ። አንቺም ነጠላሽን ደረብሽልኝ።

ሽማግሌዎቹ ሊያፋቱን የተቀመጡ ቀን ባሰብኝ። ባሌ ከደጅ ጉሮሮውን ሲጠርግ ስሰማ ልቤ ይደልቅ ጀመር፤ መንጋጋዬ ተቆለፈ፣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሰናይት ከማን ጋር ትኑር ሲሉኝ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ወገኖቹ ዛር አለባት፣ ዛር ላለባት ልጅ አይሰጥም አሉ። ሽማግሌዎቹም ሰባት ቀን ጠበል ተጠምቄ እንድመለስ ወሰኑ። እኔ ሞኟም ዛር ነው ብዬ አመንኩ።

እንጦጦ ወጥቼ ተጠመቅሁ። የጮኸ ነገር የለም። በሰባተኛው ቀን አጥማቂው ቄስ ልጄ፣ የያዘሽ ጭንቀት ነው ብለው አሰናበቱኝ። ስወርድ እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች አንቺ እንጨት ስትሸከሚ ታርፊበት በነበረው ድንጋይ ላይ ሸክማቸውን አስደግፈው ሲያርፉ አየሁ። ሳይደክምሽ አሳርፊ፣ ከደከመሽ ሸክሙ ራሱ ይጥልሻል ትይኝ ነበር። ከዚያ ትንፋሽሽን በረጅሙ ታወጪዋለሽ፤ እኔም እንዳንቺ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሽማግሌዎቹ ዳግም ሲቀመጡ፣ እሱ ገና ሳይመጣ መዳፎቼን መደቡ ላይ አሳረፍኩ። መንቀጥቀጡ አልተወኝም። አባቶቼ፣ ትንሽ ታገሱኝ ብዬ፣ ዳገቱ ላይ እንደምታደርጊው በረጅሙ ተነፈስኩ። እነሱም ታገሱኝ፤ የያዘኝ ጭንቀት እንጂ ዛር እንዳልሆነ ተናገርኩ። ሰናይት ከእኔ ጋር እንድትኖር፣ አባቷም እሑድ እሑድ እየመጣ እንዲያያት ተፈረደ።

ረታሁ ብዬ ግን አልተደሰትኩም፣ እማዬ። ስንት ዓመት የኖርኩበት ትዳር ነው። እስከዛሬ ምሳ ሳቀርብ የእሱን ድርሻ አስቀርቼ እገኛለሁ።

ያለፈው እሑድ ሰናይትን ቀሚሷን ሳለብሳት ከደጅ ያ የጉሮሮ ድምፅ ተሰማ። ትንንሽ ጣቶቿ ተንቀጠቀጡ። ምን ሆንሽ አልኳት። በርዶኝ ነው አለችኝ።

እንዳንቺ ነጠላዬን ደረብኩላት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ እኔም እንዲህ ስል እንደኖርኩ፣ ብርድ እንዳልነበረ ነገርኳት። አባቷን ደጅ አስጠብቀን አብረን ተነፈስን፣ እጇ እስኪረጋ። አያትሽ ናት ያስተማረችኝ አልኳት። መንገዱ ሲደርቅ ድንጋይሽን ላሳያት ቃል ገብቻለሁ፤ እኔ ባልፍ እንኳ እሷ ታውቀዋለች፣ አንቺም ተረስተሽ አትቀሪም።

አንቺም ሳታውቂው አልቀረሽም። ቢሆንም ከአፌ ስሚው፣ እማዬ፤ ያን ቀን አልበረደኝም ነበር።