ከልደት ጀምሮ

ኅዳር 3፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡10

ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከርኩ እየዋጥኩ ነው። በግራ በኩል ማኘክ ካቆምኩ ወር አልፎኛል። ትናንት ደግሞ በቀኝ በኩል የምተማመንበት ጥርስ ተሸረፈ። በምስር ወጥ! ድንጋይ እንኳ አልነበረበትም።

ሐኪሙ ያለኝን ለአንተ ልጻፍልህ። ለሰው ስነግር ያዝኑልኛል፤ አንተ ደብተር ነህ፣ አታዝንም። የታች መንጋጋዬን በሁለቱም በኩል ቆርጠው ወደ ቦታው ይመልሱትና በብረት ያስሩታል። ካልሆነ የቀሩት ጥርሶች በየተራ ይሄዳሉ። አፌም እየጠበበ ነው፤ አሁን ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚያስገባው። ተራዬ ጥር ላይ። የመድን ድርጅቱ እከፍላለሁ የሚል ደብዳቤ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ካልጻፈ ተራው ለሌላ ሰው። ከኪሴ? አዘዞ፣ የግል ት/ቤት፣ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ደወል ሊደወል ነው። ልሂድ፤ ልጆቹ ደግሞ ዛሬም አነጋገሬን እያስመሰሉ ይስቁብኛል።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

ዛሬ ቁስቋም ናት። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ሽቅብ ወደ ደብሩ፣ እኔ ማመልከቻ ይዤ ቁልቁል ወደ ፒያሳ። ት/ቤቱ ለመምህራኑ የገባልን የጤና መድን አለ። ሠራተኛው ፋይሌን አገላበጠ፣ ቀና ብሎ አገጬን አየ፣ ከዚያ ለመልክ ማሳመሪያ አንከፍልም አለኝ። ለመልክ! አንድ ቀን ምሳ ቢጋብዘኝና ከጥብስ ጋር ስታገል ቢያየኝ።

ተከራከርኩ። ከአደጋ የመጣ ከሆነ ይከፈላል፣ ከተፈጥሮ ከሆነ አይከፈልም አለ። ስምንት ዓመቴ ላይ ከበቅሎ ወድቄያለሁ አልኩት። ሐኪሙም ራጁን አሳይቶኝ፣ ይህ አጥንት ተሰብሮ በጠማማው የገጠመ ነው ብሎኛል። ሰውዬው የሆስፒታል ካርዴን ቅጂ አዞረልኝ። ልጅ ሆኜ ጥርሴን ሲያመኝ እናቴ ይዛኝ የመጣች ጊዜ የተጻፈ ነው። "የመንጋጋ መጣመም፣ ከልደት ጀምሮ።" ጎኑ ላይ፦ እናት እንደተናገረችው።

እኔም ይህንኑ ሲነገረኝ ነው ያደግሁት። በቅሎዋ አንድ ጥርስ ብቻ ሰበረች፣ አገጬን ግን ከእናቴ ሆድ ይዤው መጣሁ።

ከበቅሎ ስወድቅ ያከመኝ ሰው ቃሉን በቀበሌ ማኅተም ከሰጠ ጉዳዩ እንደገና ይታያል አለ። ወረቀት አምጪ። ሁሌም ወረቀት።

ኅዳር 7፣ ዓርብ፣ የምሳ ሰዓት

እናቴ ጋ ደወልኩ። ማን አከመኝ? አልኳት። ምነው ልጄ፣ አሁን ይህን ምን ቀሰቀሰው አለች። ጨቀጨቅኋት።

አያ ታከለ ነው። ታላቅ ወንድሟ። የአገሩ ወጌሻ፤ የዚያ ሁሉ ገበሬ እጅና እግር በእሱ ጣት ነው የተጠገነው። የኔ ላይ ግን ስቷል። ስሙ እንዳይጠፋ ብላ ለጠየቃት ሁሉ ከልደቷ ነው ስትል ኖረች። ለሐኪሙም። ለእኔም። እስከ ስምንት ዓመትሽ ድረስ ሸጋ ነበርሽ አለችኝ። ሸጋ ነበርሽ!

ደብተር፣ ዮናስን ታስታውሳለህ፤ ያኔ ገጾችህን በእንባ አበላሽቻቸዋለሁ። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ስለ አገጬ እናቴን አስጠይቀው ነበር። ከልደቷ ነው አለቻቸው። ዘር ነው፣ ለልጅ ይተላለፋል ብለው ቀሩ። እሷ ደግሞ እግዜር ያላለው ነው ብላ አጽናናችኝ።

እግዜር አይደለም። አንቺ ነሽ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ፣ አመሻሽ

ፈቃድ ወስጄ አገር ቤት መጣሁ። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ስላሉ። እስከ ዳባት በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። እናቴ ቤት አልገባሁም፣ በቀጥታ አያ ታከለ ጋ። አርጅቷል። የመጣሁበትን ሳልናገር መንጋጋዬን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ቦታውን ወዲያው አገኘው።

እንዲህ ነው ያለው። በሳምንቱ ማሰሪያውን ፈትቶ ሲያየው ጠምሟል። ገና ለጋ ነው፣ እንደገና ልስበረውና ላቅናው ብሎ እናቴን ለመናት። ካልሆነ ጎንደር ሆስፒታል እንውሰዳት። እናቴ ሁለቱንም እምቢ አለች። "ሁለተኛ ስትጮህ አልሰማም ብላ በሩ ላይ ቆመች" አለኝ። ከልደቷ ነው ማለት ስትጀምር ደግሞ እሱም ዝም አለ፤ ዝምታው ለእሱም ተመችቶታል። ይህን ራሱ ነው የነገረኝ፣ ሳልጠይቀው።

የእሱን ስም ልታድን አይደለም እንግዲህ። የራሷን ነው።

ኅዳር 14፣ ዓርብ፣ ዳባት፣ መኪና እየጠበቅሁ

ጠዋት፣ ቀበሌ ጽ/ቤት። አያ ይናገራል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። መውደቄ፣ ማሰሩ፣ መጣመሙ። የእናቴ እምቢታ ላይ ሲደርስ ጸሐፊው ብዕሩን አቁሞ አየኝ። ለመድኑ የመጀመሪያው ግማሽ ይበቃል። አያም ገባው። "ልጄ፣ ይኸ እንኳ ይቅር?" አለኝ።

ይጻፍ አልኩ።

ተጻፈ። አያ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ አተመ። ማኅተም ተመታ።

ስወጣ እናቴ ደጅ ቆማለች፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና። ሰምታለች። በጠርሙስ የአጃ አጥሚት ይዛልኝ መጥታለች፤ ማኘክ የማልችል መሆኔን እሷ አትረሳም። አልተቀበልኳትም። እስከ ዳባት ድረስ ጸጸተኝ። እዚህ ስደርስ ግን ተመልሼ ተናደድኩ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

አስገባሁ። ሠራተኛው ሁለት ጊዜ አነበበው። ዋናው መ/ቤት ይወስናል አለ። እናቴ አልደወለችም። እኔም።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ፣ 10፡00

ተፈቀደ። ደብዳቤው እጄ ላይ ነው። ት/ቤት ውስጥ እልል አሉልኝ። እኔ ግን ቀዝቅዣለሁ። ስንት ዓመት ያኘከኝን ነገር በአንድ ገጽ ጨረሱት።

ሆስፒታል ሄድኩ። የመተኛ ቅጽ ሰጡኝ። የአስታማሚ ስም ይላል። አስታማሚ የሌለው አይተኛም አለች ነርሷ። ጓደኛዬ መ/ርት ሰናይት እኔ አለሁልሽ ብላኛለች። ደግ ናት። ስሟን ልጽፍ ስል ስልኬ ጠራ። እናቴ።

ይቅርታ አላለችም። ስለ ወረቀቱም አላነሣችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ እንደገና ይሰብሩታል ወይ? አዎ፣ በሁለት በኩል አልኳት። ስታለቅስ ሰማኋት። አላባበልኳትም። ዘጋሁ።

ከዚያ በአስታማሚው መስመር ላይ የእሷን ስም ጻፍኩ። ይቅር ብያት አይደለም፣ ደብተር፣ እንዳትሳሳት። ከሰመመን ስነቃ የምጮኸውን አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማዋለች።