የመሠረት ድንጋዩ ከሳ

ጥቅምት 6

ሥራ አልነበረም ማለት ይቻላል። ጠዋት አንዲት ሴትዮ መጥታ የባሏን የመቃብር ድንጋይ ዋጋ ጠየቀችኝ። "መቼ አረፉ?" ብላት ገና አልሞተም አለች። አስቀድሞ ማወቅ አይከፋም...

ከሰዓት አንድ መኪና ሱቄ በር ላይ ቆመ። ከሰውየው በፊት ሽቶው ገባ። ከሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት፣ ከፕሮቶኮል ክፍል ነው። ስሙን አልያዝኩትም፤ ሽቶው ልበለው። የሳሙና ፋብሪካ ሊሠራ ነው አለ፣ ከከተማው ዳር። ከእኛ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ! የመሠረት ድንጋዩን እኔ ልቀርጽ። "ፊደሉ ጠለቅ ይበል፤ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነው" አለኝ። ስድስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ነጩን እብነ በረድ አወጣሁለት። ለእንዲህ ያለ ቀን ነበር ያስቀመጥኩት።

ጥቅምት 8

ልጄ ደብዳቤ መጣላት። በኬሚስትሪ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሆናት፣ እስከ ዛሬ ያገኘችው ሥራ የእናቷን ወጥ ጨው መቅመስ ብቻ ነው። አሁን ሌላ ከተማ ያለ ቆዳ ፋብሪካ ለላብራቶሪው ፈልጓታል። እስከ ጥቅምት 23 ሪፖርት አድርጊ ይላል። አውቶቡስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። እናትየው ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሻንጣ ፍለጋ ገባች።

እኔ ግን ድንጋዩ በእጄ ነበር። "ቆይ እስቲ" አልኩ። "ሳሙና ፋብሪካ ደጅሽ ላይ እየመጣ ኬሚስት ከየት ሊያመጡ ነው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።"

"የዘገየችስ?" አለች ባለቤቴ ከጓዳ።

"አባዬ፣ እርግጠኛ ነህ?"

"በገዛ እጄ እየቀረጽኩት!"

"ድንጋይ ነው የቀረጽከው እንጂ ፋብሪካ አይደለም" አለች እናትየው። ሴትዮዋ ሁልጊዜ እንዲህ ናት። ድንጋይ ላይ የተጻፈ አይታጠፍም ብዬ ዘጋሁት። ልጄ ደብዳቤውን አጥፋ መጽሐፍ ውስጥ ከተተችው።

ጥቅምት 21

የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ። ድንኳን፣ ወንበር፣ አዲስ አካፋ። ክቡርነታቸው ነጭ ጓንት አድርገው ሲሚንቶ ጣል አደረጉ። የፋብሪካው ባለሀብት ከጎናቸው አልተለየም፤ አብሮ አደጋቸው ነው አሉ። ለአንድ ሺህ ሰው ሥራ ይፈጥራል ተባለ። እኔ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የማየው ፊደሎቼን ነበር። ቀጥ ብለዋል። ልጄ የምረቃ ጫማዋን አድርጋ መጥታለች። አንድ ሺህ ሰው ሲባል ክርኔን ነካ አደረገችኝ... ደስ አለኝ። ከልቤ።

ጥቅምት 23

የቆዳ ፋብሪካው ቀን ዛሬ አለፈ። ልጄ ፀጉሯን ታጠበች።

ጥር 14

ቦታው ታጠረ። አጥር ጅምር ነው።

የካቲት 29

አጥሩ ውስጥ ሦስት ፍየሎች አየሁ።

መጋቢት 11

ባለፈው ሳምንት ክቡርነታቸው "ወደ ሌላ ኃላፊነት" መዛወራቸውን ሬዲዮ ተናገረ። ዛሬ ሽቶው መጣ፤ ድንጋዩን ነቅለው በፒክአፕ ጭነውታል። ስሙ ይፋቅና የአዲሱ ሚኒስትር ይግባ አለ። ቀኑም ይቀየር።

"ፋብሪካውስ?"

"ፋብሪካው አለ። ስም ብቻ ነው።"

"ባለሀብቱስ? ያው ናቸው?"

"አዲሱ ክቡርነታቸው አማች አላቸው" አለኝ።

ይህን ብሎ ድንጋዩን አስወረደ።

ጀርባውን ገልብጬ ልጻፍበት ብል ሲሚንቶ ይዞታል። ስለዚህ ፊቱን መፋቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ስፍቅ ዋልኩ፤ ቅንድቤ ሳይቀር ነጭ ሆነ። "በጣም አጥልቀኸዋል እኮ!" ብሎ ተቆጣኝ ሽቶው። ማን አጥልቅ አለኝ? ድንጋዩ አሁን አምስት ሴንቲ ሜትር ነው።

እራት ላይ ልጄ "መቼ ይጀመራል አሉ?" አለች።

"ስሙን እያስተካከሉ ነው" አልኳት።

ሳቀች። የእናቷን ሳቅ።

ግንቦት 2

ድጋሚ ተጣለ። ያው ድንኳን። ያው ጓንት መሰለኝ፣ ታጥቦ። ንግግሩም ያው ነው፣ አንድ ሺህ ሰው እስከሚለው ድረስ። ፍየሎቹ ለዛሬ ሌላ ቦታ ታስረዋል። ልጄ አልመጣችም፤ ጫማው ጠቦኛል አለች። በስድስት ወር እግር ያድጋል እንዴ? በእሷ ዕድሜ?

ሰኔ 19

እሁድ ነው። በእግሬ ወደ ቦታው ሄድኩ። ግድግዳ ቆሟል! ጣሪያ ሁሉ አለው! የጭነት መኪና በበሩ ይገባል። በዚህ ዕድሜዬ ሮጬ ቤት ገባሁ። "ተጀመረ! ተነሺ!" ልጄ ፀጉሯን ሳታበጥር ተከተለችኝ። መንገዱን በአሥራ አምስት ደቂቃ ጨረስነው።

ጥበቃው ደግ ሰው ነው፣ ወንበሩን ለቀቀልኝ። "መጋዘን ነው" አለ።

"የፋብሪካው?"

"የሳሙናው።"

የሚራገፈውን አየን። ካርቶን። ካርቶኑ ውስጥ ሳሙና፣ ከውጭ አገር ተሠርቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ታትሞበት የመጣ። የፋብሪካ ፈቃድ ያለው ሰው ያለ ቀረጥ ያስገባል አለ ጥበቃው። ፋብሪካው እስኪቆም ገበያው እንዳይቸገር ተብሎ ለአማችየው የተፈቀደ ነው።

"ሳሙናው ተሠርቶ ከመጣ ፋብሪካው ምን ሊሠራ ነው?" አለች ልጄ።

ጥበቃው ከልቡ አሰበበት። "እኔ እንግዲህ ጥበቃ ነኝ፣ እህቴ።"

ከተቀደደ ካርቶን አንድ ሳሙና ወድቋል። አንስታ አሸተተችው፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ አነበበች። "ጥሩ ሳሙና ነው" አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ድንጋዩ በሩ ላይ ቆሟል። የኔ ፊደል። ቀጥ ያለ።

ሰኔ 20

ይቅርታ ጠየቅኋት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። "ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ" አልኳት። "አባዬ፣ አንተ የጻፍከውን አመንክ። ሌላው ሰው አንብቦ ነው ያመነው" አለችኝ። ይህ ማጽናናት ነው? እስከ አሁን እያሰብኩበት ነው።

ለቆዳ ፋብሪካው ደወለች። የላብራቶሪው ቦታ ተይዟል። ጨው ክፍል ግን ሰው ጎድሎናል አሉ፤ ጥሬ ቆዳ ላይ ጨው የሚነሰንስ። ለኬሚስት! "እሄዳለሁ" አለች። "ቆይ እስቲ" ልል አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ አየችኝ። አፌን ዘጋሁ።

ሐምሌ 3

አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣዋን ተሸከምኩ። ከስንት ድንጋይ ይከብዳል። መስኮት ጋ ተቀመጠች። አውቶቡሱ በሰዓቱ ወጣ፤ ለምን ዛሬ በሰዓቱ? ሱቄን ከፍቼ ምንም ሳልሠራ ዋልኩ።

ነሐሴ 15

ሽቶው፣ ከነድንጋዩ። "ፋብሪካ" የሚለው ይፋቅና "ማከፋፈያ ማዕከል" ይባል። መጋዘኑ ሊመረቅ ነው። አዲሱ ስም ይረዝማል፣ መስመር አይበቃውም፤ ሁሉም ተፍቆ እንደ አዲስ ይጻፍ።

"ከአራት ሴንቲ በታች ከወረደ ይሰነጠቃል" አልኩት።

"በዝግታ ፋቀው።"

ፋቅሁት። ሊጭኑት ሲያነሱት ሁለት ሰው በቃው፤ መጀመሪያ ለሦስት ነበር ያነሱት። ከስቷል፣ ምስኪን። ፊደሉን ለስለስ አድርጌ ላዩን ብቻ ነካ ነካ አደረግሁት። ሽቶው በጣቱ ዳሰሰው። ይቆጣል ብዬ ነበር።

"እንዲህ ይሻላል" አለኝ።

ጥቅምት 12

ዓመት አለፈ። የባሏን መቃብር ድንጋይ ዋጋ የጠየቀችኝ ሴትዮ መንገድ ላይ ሰላም አለችኝ፣ ባልዋ ዘንቢል ይዞ ከኋላዋ።

አዲስ ትዕዛዝ አለ፤ የሆስፒታል መሠረት ድንጋይ። ጥልቀቱን አልጠየቅሁም። ሁለት ሚሊ ሜትር አደረግሁት፣ የባለሥልጣኑን ስም ደግሞ ለጊዜው በእርሳስ። ባለቤቴ ምሳ ልታደርስልኝ መጥታ አየችው። "የት ነው የሚሠራው?" አለች። አልነገርኳትም። የጉልበቷን ሕመም እዚያ አሳክማለሁ ብላ መጠበቅ እንዳትጀምር።

ልጄ ደወለች። ሦስት ወር ጨው ነሰነሰች፣ እጇ ተሰነጣጠቀ። በመሃል የላብራቶሪው ሰው ሥራ ለቀቀ፤ ከሰኞ ጀምሮ በእሱ ቦታ ገብታለች።

"አባዬ፣ ስሜን በሩ ላይ አደረጉልኝ!"

"በምን?" አልኳት። የሙያ ነገር ሆኖብኝ።

"በወረቀት ነው፣ በፕላስተር ተለጥፎ። እንዳትስቅ።"

አልሳቅሁም። "በሩ ይከፈታል?" አልኳት።

"ውስጥ ሆኜ እኮ ነው የማናግርህ።"