ሐያት በቃሏ የያዘችው ቁጥር

ሰኞ

ከማል ሲሟን ከስልኬ ሲያወጣት እጁ ፈጠነብኝ። መጀመሪያ ያልወደድኩት እሱን ነው።

ከማል ተማሪዬ ነበር። አሁን ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ጃንጥላ ዘርግቶ የአዲሱን የስልክ ኩባንያ ሲም ይሸጣል። ከመንገዱ ማዶ የነባሩ ኩባንያ ሻጮች በድምፅ ማጉያ ይጮኻሉ። አንዱ «ቅናሽ» ሲል ሌላው «ስጦታ» ይላል። «ብቻውን የሚሮጥ ሁሌም አንደኛ ነው ጋሼ፤ አሁን ግን እነሱም መሮጥ ጀመሩ» አለኝ ከማል። ጥሩ አባባል ነው። ጥሩ አባባል የሚያውቅ ሻጭ ግን ያሠጋኛል።

የመጣሁት ለሐያት ስል ነው። ልጄ ሳዑዲ ሰው ቤት ሥራ ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። የራሷ ስልክ የላትም፤ ስትደውል በሰው ስልክ ነው። ድምፅዋን ከሰማን አራት ወር አለፈ። በአዲሱ መስመር ወደ ውጭ መደወል ይረክሳል ስለተባለ፣ መጨረሻ የደወለችበትን ቁጥር ልሞክር አሰብኩ።

ቁጥሬን ይዤ መሻገር እችል እንደሆነ ጠየቅሁት። «እሱ ገና ነው ጋሼ፤ አዲስ ቁጥር ነው የምሰጥዎት።» እንግዲያው አሮጌዋ ሲም መጥፋት የለባትም። ሐያት በቃሏ የምታውቀው ቁጥር የዚህችን ሲም ብቻ ነው። ከመሄዷ በፊት ከፊት ወደ ኋላም ከኋላ ወደ ፊትም እኔው ነኝ ያስጠናኋት። ከማል ሲሟን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ መነጽር ማስቀመጫዬ ውስጥ ከተትኳት።

ስልኬ የሚይዘው አንድ ሲም ብቻ ነው። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ የሚሠራ ደንብ አወጣሁ፦ ቀን አዲሷ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት አሮጌዋ። ገበያ አብራኝ የነበረችው ባለቤቴ ዘሀራ አልተዋጠላትም።

«ልጅቱ የምትደውለው በአንተ ክፍለ ጊዜ ነው እንዴ?»

ደንብ ደንብ ነው አልኳት።

ማክሰኞ

ሐያት መጨረሻ የደወለችበትን ቁጥር አራት ጊዜ ሞከርኩ። ዝግ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ አሮጌዋን ሲም መለስኩ። «አገልግሎት የለም» አለ ስልኩ። አውጥቼ ጠረግኳት፤ መለስኳት። ያው ነው። ብርሃን ላይ አየኋት። ቀለሟ ያው፤ ጠርዟ ላይ የነበረችው ጭረት ግን የለችም። ይህች የእኔ አይደለችም።

ማን ነካት? ከማል። ሲጠቀልላት ደግሞ አላየሁም፤ ዓይኔ ማዶ ወዳሉት ጯሂዎች ነበር። የቆየ ቁጥር ወስደው በባለቤቱ ስም ሰው ያጭበረብሩበታል ሲባል ሰምቻለሁ። ለዘሀራ አልነገርኳትም። ብትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ረቡዕ

ጠዋት ነባሩ ኩባንያ ቢሮ ሄድኩ። ወረፋው ከበር ወጥቷል። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ሲሟን በሌላ ስልክ ሞከረችልኝ። «ይህ መስመር ከተዘጋ ቆይቷል አባቴ።» ለቁጥሬ ምትክ ሲም አውጪልኝ አልኳት። «ሲስተም የለም፤ ዓርብ ይምጡ።» የሰኞውን ስነግራትም፣ «ጃንጥላ ሥር ካሉት ጋር ምን አገናኘዎት?» አለችኝ። እሷንም ሙሉ በሙሉ አላመንኳትም። የተፎካካሪ ምስክርነት ግማሽ ማርክ ነው የሚያገኘው።

ደጅ ቆሜ በአዲሱ መስመር የራሴን ቁጥር ደወልኩ። ጠራ! ሁለቴ ጠርቶ ተዘጋብኝ። ሰው እጅ ላይ ነው ማለት ነው። ከአራት ሰዓት እስከ አራት ተኩል አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። ይጠራል፤ ይዘጋል። ሰዓቱን በሙሉ ጽፌ ይዣለሁ። ሌባው ያመልጠኛል ብሎ ከሆነ ተሳስቷል።

ሐሙስ

ከማል ሰኞ ገበያ የለም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በር ላይ ይሸጣል አሉኝ። ሚኒባስ ያዝኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ የምለውን በልቤ ደረደርኩ።

ፈረቃ ሲቀየር ደረስኩ። ሠራተኞች ከበውታል። በሁሉም ፊት «ሲሜን መልስ» አልኩት።

«የቱን ሲም ጋሼ?»

«የሰረቅከውን።»

አንዷ ሠራተኛ «መታወቂያዬን መልስልኝ!» ብላ ከእጁ ነጠቀች። ሌላው «ስጦታ ስጦታ ሲል ለካ የሽማግሌ ሲም ኖሯል!» ብሎ ሰዉን አሳቀበት። ሰልፉ ተበተነ።

ከማል ኪሶቹን ገለበጠልኝ። «ወላሂ ጋሼ፣ ጠቅልዬ በእጅዎ ነው የሰጠሁዎት።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስድስተኛ ክፍል ጠመኔ የጠፋ ቀንም ያስነሱት እኔን ነበር። ያኔም አልወሰድኩም» አለኝ።

ቢሆንም አላመንኩትም።

ዓርብ

ምትክ ሲም ላወጣ መታወቂያዬን ስፈልግ ዘሀራ «ወዴት ነው?» አለችኝ። መደበቁ ሰለቸኝና ሁሉንም ነገርኳት። መሬት መሬት አየች። ከዚያ ከጉያዋ ትንሽ ስልክ አወጣች። ሐያት ትታው የሄደችው ስልክ ነው።

ሰኞ እኔ መስጊድ ስሄድ አሮጌዋን ሲም ከመነጽር ማስቀመጫዬ ወስዳ እዚህ ውስጥ ከትታታለች። ከማል ሲያደርግ አይታ ነው የተማረችው። ስልኩ ውስጥ የነበረችውን የሐያትን የተዘጋች ሲም ደግሞ እንዳትጠፋ በወረቀቱ ጠቅልላ መልሳለች። ቢሮ ድረስ ይዣት የሄድኩት የልጄን ሲም ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደንብ ደንብ ነው ትለኛለህ ብዬ።»

«ስደውልስ ለምን ዘጋሽብኝ?»

«አንተ መሆንህን በምን አውቄ? ቁጥሩ የአገር ቤት ነው፤ የሐያት አይደለም። ልጄ ስትደውል ተይዟል እንዳይላት ቶሎ ቶሎ ዘጋሁት።»

ከጁምዓ በኋላ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ስህተት የሚታረመው በተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ነው። ፈረቃ እስኪቀየር ጠብቄ፣ በእነዚያው ሠራተኞች ፊት «ሲሜ ቤቴ ተገኝታለች፤ ይህን ልጅ ያለ ጥፋቱ ነው የሰደብኩት» አልኩ።

ከማል ቀና ብሎ አየኝ። «ጠመኔውስ ጋሼ?»

«ጠመኔውንም።»

መታወቂያዋን የነጠቀችው ልጅ ሳቀችና መልሳ ሰጠችው።

ቅዳሜ

ሰባት ሰዓት ላይ የዘሀራ ጉያ ጠራ። ሐያት ናት!

«ረቡዕ አንዲት ሴት ስልኳን ሰጥታኝ ነበር» አለች፣ «አራት ሰዓት አልፎ። ተይዟል አለኝ።»

ማስታወሻዬን መግለጥ አላስፈለገኝም።

«ከማን ጋር ነበር የምታወሩት አባ?»

«ከእናትሽ ጋር።»

«አንድ ቤት ሆናችሁ?» ብላ ሳቀች። ከአራት ወር በኋላ ሳቋን ሰማሁ።

«ደኅና ነኝ» ያለችው ግን ሁለት ጊዜ ነው። ደኅና የሆነ ሰው አንዴ ነው የሚለው። ልጠይቃት ስል «አብሽሩ፣ አሠሪዬ መጣች፣ ልዘጋ ነው» አለች። ፈጥኜ አዲሱን ቁጥር ነገርኳት። በሹክሹክታ ከኋላ ወደ ፊት አለችልኝ።

አንድም አልሳተችም።