መንገዱን የቀየረው መርከብ

ይድረስ ለልጄ ለለሊሴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔና እናትሽ ሸጊቱ ስምሽን ጠዋት ማታ እያነሳን፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። ይህን ደብዳቤ ባለሱቋ መርዋ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

የድምፅ መልእክትሽ ደርሶናል። መርከባችሁ ላይ ሰው ስለታመመ ወደቡ አላስጠጋም አላችሁ፤ ካፒቴኑም ሌላ አገር ይዟችሁ ዞረ። ምን ዓይነት ሹፌር ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ታክሲ ስነዳ፣ ለቡ ብዬ ጭኜ ፉሪ ያወረድኩት ሰው የለም! የታመሙትን ክፍል የምታጸጂው ደግሞ አንቺ። ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ስልክ አይዝም የሚለውን ደንብስ ማን አወጣው? አባት የሌለው ነው?

«ደህና ነኝ፣ አትጨነቁ» ብለሽ ዘጋሽ። ማን ተጨነቀ አለሽ?

እናትሽ በመልእክትሽ መጨረሻ ላይ ሳል ሰማሁ ትላለች። የባሕር ነፋስ ነው ብዬ ተቆጣኋት። ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ነፋስ ነው።

ስልኩ ኔትወርክ የሚይዘው አጥሩ ጥግ ስለሆነ ወንበሬን እዚያ አውጥቻለሁ። እናትሽ ዛሬም፣ «በዚህ የሐምሌ ዝናብ ውጭ ምን ያስቀምጥሃል?» አለችኝ።

«ፀሐይ ልሞቅ ነው» አልኳት።

ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ።

አባትሽ በንቲ