ዐሥራ ሁለት የራስ ቅል

ታኅሣሥ ፲፪፣ ረቡዕ። ጧት ፫ ሰዓት።

አራት እጅጌ፣ ሁለት ኮሌታ። ጥቁር ክር አለቀ። የስፌት መኪናዋ ትናንት ዘይት ስለቀመሰች ዛሬ አታጉረመርምም። ባለቤቴ ብርቄ ካውያው ውስጥ ፍም ትጨምራለች። አትናገርም።

አስተርጓሚው ወ/ሥላሴ መጣ። አንድ ጣቃ ጥቁር ጨርቅ፣ ነጭ አቡጀዲ፣ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ቅርጽ ይዟል። ለገና ጨዋታ ዐሥራ ሁለት ሸሚዝ ስፋ ተብዬአለሁ። የጣሊያን ጦር አዛዡ ካፒታኖው የደ/ማርቆስን ልጆች ቡድን ሊያለብስ አስቧል። ከይጁቤ ልጆች ጋር ይጫወታሉ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ይመጣል፣ አገሩ ሰላም ሆኖ ሲጫወት ይታያል። ቅርጹን አገላብጬ አየሁት። የሰው የራስ ቅል ነው፤ ጥርሱ ጩቤ ነክሷል። የጦራቸው ምልክት። በነጭ ተቆርጦ ደረት ላይ ይሰፋል።

ምልክቱን አውቀዋለሁ። አምና በጥር በይጁቤ መንገድ ያለፉት ወታደሮች ደረት ላይ ነበር። ታላቁ ልጄ ደጉ የአጎቱን ጤፍ ሊወቃ ሄዶ አውድማው ላይ የቀረው ያን ቀን ነው። በጋቢው ጠቅልለው አመጡልኝ።

እሺ አልኩ። ደብተሬ፣ እሺ ማለት ምን ያህል ቀላል ነው መሰለሽ።

ታኅሣሥ ፲፬፣ ዓርብ።

ዐሥራ ሁለቱም ተቆረጡ። አቡጀዲው ለአራት ሲታጠፍ በአንድ መቀስ አራት ራስ ይወጣል። ሦስት ጊዜ ብቻ። የሚያስቸግረው ዐይኑ ነው፤ በምላጭ ካልሆነ አይሆንም። ጥሩ ሥራ ነው የወጣው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ ብዬ ጠበቅሁ። አላፈርኩም። ምንም የለም። ደጉ ከሄደ ወዲህ እንዲህ ነኝ፤ እበላለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እተኛለሁ።

ታናሹ ልጄ አንዱዓለም ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ ነው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። የገና ዱላ ሲይዝ እኩያ የለውም፤ ሩሯን አንዴ ከለጋት እስከ ወንዙ አታርፍም። ስማቸው ተጽፎ ተወስዷል። አልለብስም ያለ እስር ቤት ይገባል ተብሏል። የእሱን ልክ አልለካሁትም፤ አውቀዋለሁ።

ታኅሣሥ ፲፯፣ ሰኞ።

ጎረቤታችን ወ/ሮ ጥሩነሽ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን አየች። የማን ራስ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጨርቅ ነው አልኳት። ጨርቅ መሆኑን ዐይኗ እንደሚያይ፣ የጠየቀችው የማን እንደሆነ ነው አለችኝ።  ጠርዙ ያላለቀ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች።

ብርቄ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ካውያውን አነሳች፣ አስቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዎች ደግሞ ጨርቃቸውን ወሰዱ። አንዱ አመመኝ አለ። ሱሪ ለመስፋት የሚታመመው እኔ እንጂ እሱ አልነበረም።

ታኅሣሥ ፲፱፣ ረቡዕ። የገብርኤል ዕለት።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰው መንገድ ለቀቀልን። አክብሮት እንዳይመስልሽ።

የነፍስ አባታችን መምሬ ካሳ ጥላ ሥር ጠሩኝ። ጌታ በተወለደበት ቀን ልጆቻችን ሞት ለብሰው ሊጫወቱ ነው ወይ አሉኝ። እጅህን ሰብስብ አሉ። እጄን ብሰበስብ አንዱዓለምን የት ይደብቁልኛል አልኳቸው።  መስቀል አሳለሙኝ። አንጀቴን በሉት፤ እሳቸውም እንደኔው ናቸው።

ቤት ስንደርስ በራችን ላይ የራስ ቅል ተሥሏል፤ በከሰል። ሰው ምን ያህል እንደተቆጣ ገባኝ። ግን መንጋጋው ጠሟል፣ ጩቤውም ማንኪያ መስሏል። ላስተካክለው እጄ ዳድቶ ነበር። ብርቄ ውኃ አምጥታ አጠበችው።

ታኅሣሥ ፳፬፣ ሰኞ።

ዘጠነኛው ሸሚዝ። መርፌው ከአመልካች ጣቴ ጥፍር ሥር ገብቶ በሌላው በኩል ወጣ። አየሁት። ሌላ ሰው ላይ የሆነ ይመስል አየሁት። አላመመኝም። ተሽከርካሪውን ወደ ኋላ መልሼ ጣቴን አወጣሁ፣ በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ ቀጠልኩ። ደሙ በጥቁር ላይ አይታይም።

ሌላም ነገር ሆነ። በዝርዝር ልጻፈው። ብርቄ የአንዱዓለምን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ዓመት ሙሉ ከ«እንካ» እና ከ«ና» በቀር ቃል አልወጣትም። ለቅሶ ላይ እንኳ ሙሾ አላወረደችም። ካውያውን የራስ ቅሉ ላይ እንዳደረገች ቆመች፤ ለራሷ፣ በለሆሳስ፦

ጌታችን ለጋስ ነው ሸሚዝ አለበሰን፣
የገደለውን ሰው ሰፍቶ አስታወሰን።

ከዚያ መተኮሷን ቀጠለች። አንዱዓለም ደጃፉ ላይ ነበር። አንዴ ነው የሰማው።

እኔ ዲማ ቅኔ ቤት ሰባት ዓመት ተቀምጬ አንዲት ቤት ሳትሞላልኝ ወደ መርፌ የዞርኩ ሰው ነኝ። የኔታ መርፌው ይሻልሃል ብለው መርቀው ሸኝተውኛል። እሷ ፊደል አልቆጠረችም።

ታኅሣሥ ፳፰፣ ዓርብ። ከቀኑ ፱ ሰዓት።

ሸሚዞቹ ተወሰዱ። ወ/ሥላሴ ዐሥራ ሁለቱንም ቆጥሮ፣ አንዱን ደረቱ ላይ ለክቶ፣ ቶሎ አወረደው።

አንዱዓለም የድሮውን ገና ንገረኝ አለኝ። ነገርኩት። በገና ዕለት ጌታ አይቆጣም። ተጫዋች የፈለገውን ይሰድበዋል፣ እሱም ይስቃል፣ ይሸልማል። አባቴ የዘመኑን ገዢ ንፉግነት በፊቱ ዘፍኖበት ሙክት በግ ተሸልሟል። ሕግ ነው፤ ማንም አያፈርሰውም።

ፊቱ ፈካ። የገና ዱላውን ሞረደው።

ይህን ለምን ነገርኩት? ሲጠይቅ ልጅ መስሎኝ ነው።

ታኅሣሥ ፴፣ እሑድ። ጧት።

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ በተራ ልሞክር።

ሜዳው ሞልቷል። ካፒታኖው ወንበር ላይ፣ ወ/ሥላሴ ከጎኑ ቆሞ። የኛ ልጆች ጥቁር ለብሰው ወጡ። ሌላ ዓመት ቢሆን እልልታው ጆሮ ያደነቁር ነበር። ዘንድሮ ግን አሮጊቶች አማተቡ። አንዲት እናት የሕፃኗን ዐይን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ የይጁቤ ልጆች በተጣፈ እጀ ጠባብ ሲወጡ የገዛ ከተማችን ሰው ለእነሱ እልል አለ። አንዱዓለምን አየሁት፤ አንገቱን ደፋ። አዘንኩለት። አዎ፣ ያን ጊዜ አዘንኩ፤ ትንሽ፣ ከሩቅ።

ልጆቹ ግን ልጆች ናቸው። ሩሯ ስትወረወር ሸሚዙን ረሱት። አንዱዓለም ሁለቴ ከወሰን አሳለፈ፣ አሸነፉ። ያጨበጨበ የለም፤ ካፒታኖው ብቻ።

አሸናፊ ወደ ጌታው ሄዶ ይዘፍናል። ሄዱ። አንዱዓለም ገናውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ካፒታኖው ፊት ቆሞ፣ የእናቱን ግጥም አወጣ። በመጀመሪያ ሰው ደነገጠ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ተቀበለው። ጥሩነሽ ከሁሉ በላይ ትጮኻለች። ያላጨበጨበ ሁሉ አጨበጨበ። ወደ ብርቄ ዞርኩ፤ አፏን በነጠላ ይዛለች።

ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጌታ አይቆጣም ያልኩት እኔ ነኝ። የማን ጌታ እንደሆነ ግን አላሰብኩም። ሰዉም እንዳላሰበ ከፊቱ ያስታውቃል፤ ሁላችንም የገናን ሕግ ተማምነን ነው የቆምነው። ካፒታኖው ዞሮ ወ/ሥላሴን ጠየቀው። የወ/ሥላሴ ከንፈር ነጣ። የሆነ ነገር ተናገረ። ካፒታኖው በሳቅ ፈነዳ፤ ለአንዱዓለም ቀበቶ ሸለመው፣ ፎቶግራፍ ተነሡ።

ጥር ፪፣ ማክሰኞ።

ወ/ሥላሴ መጣ። ቁጭ በል ብለው አልቀመጥ አለ። ምን ብሎ እንደተረጎመ ነገረኝ፦ ሸሚዝ ሰጠን፣ ጠላቱን ድል አድርጎ ምልክቱን አለበሰን። ካፒታኖው በጣም ወዶታል። አማርኛውን ግጥም በራሱ ፊደል ማስታወሻው ላይ ጽፎታል፣ በገበያ መካከል ሲያልፍ ያዜመዋል። እውነት ነው፤ እኔም ሰምቼዋለሁ። ሰው ሁሉ ሚዛን ላይ፣ በርበሬ ላይ አቀርቅሮ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እኔ አልሳቅሁም። የረሳሁት ነገር ነው።

ጥር ፬፣ ሐሙስ።

ትእዛዝ መጣ። ለጥምቀት ጄኔራል ይመጣል። አርባ ሸሚዝ፣ ለከተራ ጧት። ያው ልጅ፣ ያው ዘፈን። ደግሞ ቃሉ ለጄኔራሉ ባማረ የአማርኛ ጽሕፈት ይጻፍ፤ ሰፊው የቅኔ ተማሪ ነበር ተብሏልና እሱ ይጻፈው።

ወ/ሥላሴ ላብ በላብ ሆኗል። ጄኔራሉ የራሱን አስተርጓሚ ይዞ ነው የሚመጣው። የገና ፈቃድ ደግሞ ከገና ጋር አልፏል። ግጥሙን እንለውጠው አለኝ፤ ወዲያው ራሱ መልሶ ተወው፤ ካፒታኖው በቃሉ ያውቀዋል፣ አንዲት ቃል ብትጎድል ይጠይቃል። አንዱዓለም ቢጠፋ እንኳ ካፒታኖው ራሱ ለጄኔራሉ ያዜምለታል። ከዚያ ማን ገጠመው ይባላል።

ብርቄ ከጓዳ ወጣች። እኔ ነኝ አለች። እንዲህ በሙሉ ድምፅ ከተናገረች ዓመት ሊሞላት ነው። ወ/ሥላሴ መሬት መሬት አየ። እኔ ዝም በይ አልኳት። እንድትናገር ዓመት ሙሉ የጠበቅኋትን ሴት ዝም በይ አልኳት።

ጥር ፮፣ ቅዳሜ። ንጋት ላይ።

ሄዱ። ወ/ሥላሴ ለይጁቤ ገበያ የሚል የይለፍ ወረቀት ለእናትና ልጅ ጻፈላቸው። ከይጁቤ አልፈው ወደ ዲማ ይሄዳሉ፤ የኔታ አርጅተዋል ግን አሉ፣ ገዳሙ ሰው አይመልስም። በእግር ሦስት ቀን፣ የብርቄ ጉልበት ካላገዛት አራት። አንዱዓለም አልሄድም ብሎ ነበር። እናትህን ማን ያደርሳታል አልኩት። ጉልበቴን ሳመ።

ብርቄ አንተስ አለች። ካውያውን እያየች ነው የጠየቀችኝ። ሸሚዙን ጨርሼ እከተላችኋለሁ አልኳት። ውሸት ያስታውቅብኛል፣ ታውቃለች።

ከቤታችን ፊት ለፊት ኬላ አለ፤ የወጡት በጓሮ ነው። ወታደሮቹ ቀኑን ሙሉ የመኪናዬን ድምፅ ይሰማሉ። ድምፁ ካለ ቤተሰቡ አለ። ስለዚህ እሰፋለሁ። እስካሁን ሰባት ሸሚዝ።

ጥር ፰፣ ሰኞ።

ሃያ ስድስት። መስፋት ሳቆምም ባዶዋን አሽከረክራለሁ። ጥሩነሽ የሦስት ሰው ምግብ እያመጣች ጮክ ብላ ብርቄን ትጠራለች፤ ለኬላው ነው። ቀሚሷንም መልሳ አመጣችው፣ ጠርዙን ጨርስልኝ አለች። ሆድ ባሰኝ።

ጥር ፱፣ ማክሰኞ። ከሰዓት በኋላ።

ሠላሳ ዘጠኝ። ዛሬ አራተኛው ቀን ነው፤ እስካሁን ዲማ ሳይገቡ አይቀሩም። ወ/ሥላሴ ለእኔም ይለፍ ይዞ መጥቶ ነበር። መለስኩለት። የግጥሙ ባለቤት ካልተገኘ ዐሥራ አንዱን ልጆች ነው የሚይዙት፤ ቀጥሎ እሱን፣ ቀጥሎ ሰፈሩን። አንድ ሰው እኔ ነኝ ማለት አለበት። ሰፊም ገጣሚም በአንድ ቤት ቢገኝ ለመርማሪ ይቀልለዋል።

ወረቀቱን ጻፍኩ።  የዲማን ቁም ጽሕፈት አሳምሬ፣ ሁለቱን መስመር እንዳሉ። ከሥር፦ ገጣሚው ሰፊው ታደለ። የኔታ ቢያዩኝ የሰው ግጥም ሰረቅህ ይሉኝ ነበር። አዎ፣ ሰረቅሁ። ሰባት ዓመት ያልወጣኝን ከሚስቴ ካውያ ሥር ሰረቅሁ።

ፈርቻለሁ፣ ደብተሬ። አሁን ገና ፈራሁ። መርፌ የገባበት ጣቴም ዛሬ ሕመም ጀመረው፤ ይጠዘጥዛል፣ እስከ ክርኔ ይሰማኛል። ደጉም መጣብኝ። ሲስቅ።

እውነቱ ያለው አንቺ ላይ ብቻ ነውና እዚህ ልትገኚ አይገባም። የጥሩነሽን ቀሚስ ጨርሻለሁ። ከእሱ ጋር ጠቅልዬ ለእሷ እሰጥሻለሁ፤ ለብርቄ ታደርስሻለች።

በር ተንኳኳ። ጥሩነሽ ናት። አንድ ሸሚዝ ይቀረኛል፤ መኪናዋ ዝም ካለች ቆየች፣ ላሰማት፤ አንቺ ሂጂ።